ከወጥ ቤቱ ቁምሳጥን ጀርባ የተረሳው ቱቦ፦ የአንድ ቤት የአይጥ ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

በቤት ጥገና ሥራ ስኖር ስለ አይጥ የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «የትኛው መርዝ ይሻላል?» ይለኛል። «ከየት ነው የምትገባው?» ብሎ የሚጀምር እምብዛም አላጋጠመኝም። ከዚህ በታች ታሪኩን የማቀርበው ቤተሰብም በመርዝ ጀመረ፤ አምስት ወር ታግሎ ሲሰለቸው ጠራኝ። እኔም ራሴ በተሳሳተ ቦታ ሁለት ሳምንት አባከንኩ። ስህተቱም እርማቱም ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ እንደሆነው አስቀምጬዋለሁ። የቤተሰቡን ማንነት የሚጠቁመውን ሁሉ ትቻለሁ።

ቤቱና ነዋሪዎቹ

ፎቅ የሌለው፣ ግድግዳው በብሎኬት የተሠራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆችና የባልየው እናት ይኖሩበታል። ትንሹ ልጅ ያኔ ሁለት ዓመቱ ነበር። ቤቱ ከሦስት ዓመት በፊት ታድሷል፤ የድሮው መጸዳጃ ክፍል ፈርሶ ወጥ ቤቱ እንዲሰፋ ተደረገ፣ አዲስ መጸዳጃም በሌላ በኩል ተሠራ። ይህን የእድሳት ነገር በመጀመሪያው ቀን ማንም አላነሳልኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ምልክቶቹ

መጀመሪያ የታየው ጠርዙ የተገዘገዘ ሳሙና ነበር። እናትየዋ ልጆቹ የተጫወቱበት መስሏት ጣለችው። በሳምንቱ የዱቄት ከረጢት ከታች፣ ጥጉ ላይ ተቀዶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት ኮርኒሱ ላይ ሩጫ ይሰማ ጀመር፤ ከማቀዝቀዣው ጀርባም ኩስ ታየ።

ኩሱን እኔ በመጣሁ ቀን ለካሁት። አብዛኛው ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ጫፉ ደንደን ያለ ነበር። ይህ መጠን ብዙ ይናገራል። የትንሿ የቤት አይጥ ኩስ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። ከፍታ የምትወደው ጥቁር አይጥ የምትጥለው ደግሞ ጫፉ ሹል፣ ርዝመቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ትልቁና ደንዳናው የቡናማዋ አይጥ ነው። እሷ በአብዛኛው መሬት ለመሬት ትሄዳለች፣ ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ በፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ትኖራለች፣ ዋናም ታውቃለች። ማስረጃው እጄ ላይ ነበር። ለምን እንዳላየ እንዳለፍኩት ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አምስት ወር የፈጀው ትግል

አባትየው በመጀመሪያ የገዛው ሰማያዊ እንክብል መርዝ ነው። ደም እንዳይረጋ ከሚያደርጉት መርዞች ወገን ነው። እነዚህ መርዞች የበላችውን አይጥ ወዲያው አይገድሏትም፤ ብዙ ጊዜ ከሦስት ቀን በላይ ይፈጃሉ። መዘግየታቸው ሆን ተብሎ ነው። አይጥ የታመመችበትን ምግብ ለይታ ስለምትሸሽ፣ ሕመሙ ቶሎ ቢጀምራት ሁለተኛ አትቀምሰውም። የመዘግየቱን ዋጋ የሚከፍለው ግን ባለቤቱ ነው፤ አይጧ የት ሄዳ እንደምትሞት መምረጥ አይችልም። በስድስተኛው ቀን የልጆቹ መኝታ ክፍል መሽተት ጀመረ። ዝንቦች በኮርኒሱ ስንጥቅ ሲመላለሱ ታዩ። ኮርኒሱ ተቆርጦ የሞተችው አይጥ እስክትወጣ ድረስ ልጆቹ ሳሎን አደሩ።

የባሰው ገና አልመጣም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ትንሹ ልጅ ከአልጋው ሥር አንድ ሰማያዊ እንክብል ይዞ ወጣ። መርዙ የተቀመጠው ኮርኒስ ላይ ነው፤ ልጁ የሚደርስበት ቦታ አልነበረም። አይጥ ግን ምግቧን ባገኘችበት ብቻ አትበላም፣ አንስታ ወስዳ ትደብቃለች። በዚህም የተነሳ የላላ እንክብል ሰው ካስቀመጠበት ቦታ ውሎ አያድርም። ልጁ እንዳልዋጠው ቢታመንም ወዲያው ወደ ሕክምና ተወሰደ፤ ለጥቂት ቀናት ክትትል ተደርጎለት ደህና መሆኑ ተረጋገጠ። የዚህ ዓይነቱ መርዝ ማርከሻ አለው፣ ቫይታሚን ኬ1 ይባላል። ሆኖም ማርከሻ አለ ማለት ቤት ውስጥ መበተን ይቻላል ማለት አይደለም። እናትየዋ በዚያው ቀን የተረፈውን እሽግ ከቤት አስወጣች።

ቀጥሎ የመጣው ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ሰው የማይሰማው ድምፅ ያወጣል የተባለ መሣሪያ ነው። ይሠራል ያለው ማን እንደሆነ ስጠይቅ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አሳዩኝ። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ይሏል ይህ ነው። እንዲህ ያለው ድምፅ ግድግዳና ዕቃ አያልፍም፤ የሚደርሳቸው አይጦችም ቶሎ ይለምዱታል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 ለእነዚህ መሣሪያዎች አምራቾችና ሻጮች፣ ማስታወቂያቸው በሳይንሳዊ ማስረጃ የተደገፈ እንዲሆን የሚያሳስብ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎላቸው ነበር። በዚህ ቤት መሣሪያው ከተሰካ በአሥረኛው ቀን ከሥሩ ትኩስ ኩስ ተገኘ።

ድመትም መጣች። ትናንሾቹን ታባርር ይሆናል፤ አድጋ የከበደች ቡናማ አይጥ ግን ለድመት ቀላል ጠላት አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2018 በኒውዮርክ አይጥ በሞላበት አንድ ግቢ ለ79 ቀናት በካሜራ ክትትል ተደርጎ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ድመቶቹ ሲገድሉ የታዩት ሁለት አይጥ ብቻ ነው። የዚህ ቤት ድመት ያመጣችው ለውጥ አይጦቹ ሳሎኑን ትተው ከግድግዳ ጀርባ መሄድ መጀመራቸው ነው። ከዓይን ስለራቁ ቤተሰቡ ሦስት ሳምንት ተዘናጋ።

ሙጫ ወጥመዱን በአጭሩ ልለፈው። አንዲት ትንሽ አይጥ ተጣብቃ ሌሊቱን ስትጮህ አደረች፤ ትልቋ ልጅም አብራ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ማንም ሊያየው አልፈለገም።

በመጨረሻም አባትየው ከማቀዝቀዣው ጀርባ ያገኘውን ሽንቁር በሚነፋ ፎም ሞላው። በማግስቱ ፎሙ እንደ ዳቦ ተቦድሶ ወለሉ ላይ ተበትኖ ተገኘ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አይጦቹ ሥራ አልፈቱም። እናት አይጥ ሦስት ሳምንት ገደማ አርግዛ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ትወልዳለች፤ ልጆቿም በሁለትና በሦስት ወር ለመራባት ይደርሳሉ። አምስት ወር ለእነሱ ረጅም ዘመን ነው።

እኔ የተሳሳትኩበት

ስጠራ የተነገረኝ ስለ ኮርኒሱ ነው፤ ሩጫው ኮርኒስ ላይ፣ የሞተችው አይጥ ኮርኒስ ላይ። እኔም በመሰላል ወጥቼ ጣሪያው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ክፍተት አየሁና «ይኸው በሩ» አልኩ። ዙሪያውን በሽቦ ወንፊት ለመዝጋት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሥራው ራሱ መጥፎ አልነበረም፤ በኋላም ጠቅሟል። ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። ወንፊቱ ተጠናቆ በታሸገበት ሌሊት ሩጫው እንደወትሮው ቀጠለ።

እጄ ላይ የነበረው ደንዳና ኩስ ወደ ምድር እያመለከተ እኔ ወደ ሰማይ ማየቴ የሙያ ስንፍና ነው። የሰማሁትን ካየሁት አስበልጬ ነበር። ቡናማዋ አይጥ ምድርን ትመርጣለች እንጂ መውጣት አያቅታትም፤ በቧንቧና በግድግዳ ክፍተት ኮርኒስ ድረስ ትደርሳለች።

ነገሩን ያቃኑት አያትየዋ ናቸው። መሰላሉን ሳጥፍ ከበሩ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ አንተ ላይ ላዩን ታያለህ እንጂ፣ እኔ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ እሰማታለሁ። መጀመሪያ ከወጥ ቤት ሥር ነው የምታንኳኳው። ላይ የምትሮጠው ቆይታ ነው» አሉኝ። መቼ መቼ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። መብራት ከጠፋ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደሚጀምር፣ ሁልጊዜም ከአንድ ጥግ እንደሆነ ነገሩኝ። ይህን ለልጃቸው ከሁለት ወር በፊት ነግረውት ነበር። ማንም ቁም ነገር ብሎ አልያዘውም።

ዱቄትና ወረቀት

በዚያው ምሽት ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር ሥሩን የሕፃናት ዱቄት (የገላ ፓውደር) በስሱ ነሰነስን። ጠዋት ባትሪ ወደ ወለሉ አጋድሜ ሳበራ አሻራው ጥርት ብሎ ታየ፤ አራት ጣት ያለው የፊት እግር፣ ከኋላው አምስት ጣት ያለው ረዘም ያለ እግር፣ በመካከሉ ደግሞ ጭራዋ የጎተተችው ቀጭን መስመር። አሻራው የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነበር፤ ከእቃ ማጠቢያው አጠገብ ወዳለው ቁምሳጥን።

ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ነቅለን ስናወጣ ወለሉ ላይ የተቀመጠ ቁራጭ ጣውላ አገኘን። አንዱ ጠርዙ ሁለት ጣት ጎን ለጎን በሚያሳልፍ ስፋት በጥርስ ተበልቷል። የተበላው ጠርዝ እንጨት አይመስልም ነበር፤ ከፀጉራቸው ቅባትና ቆሻሻ ብዛት ጠቁሮ፣ ቆዳ መስሎ ያብለጨልጫል። ጣውላውን ሳነሳው የፍሳሽ ጠረን ፊቴን መታኝ። ከሥሩ 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ አፉን ከፍቶ ነበር። እናትየዋ ትንሽ አሰበችና፣ «የድሮው መጸዳጃ እዚህ ነበር» አለች።

እድሳቱን የሠራው ሰው መቀመጫውን ነቅሎ ቱቦውን ሳይደፍን፣ ጣውላ ጥሎበት፣ ቁምሳጥን አቁሞበት ሄዷል። አገልግሎት ላይ ያለ መጸዳጃ ቢያንስ ውኃ የቋጠረ ክርን አለው፤ ጠረኑን ይከለክላል፣ አይጥንም ባያስቀር ያስቸግራታል። ይህኛው ግን በቀጥታ ከዋናው ፍሳሽ መስመር ወደ ወጥ ቤት የሚያስገባ ደረቅ መንገድ ነው። ከቁምሳጥኑ ጀርባ ደግሞ የውኃ ቧንቧዎቹ ወደ ኮርኒስ የሚወጡበት ክፍተት አለ። ኮርኒስ ላይ የሚሰማው ሩጫ መነሻው ይህ ነው።

ግምትን ከእርግጠኝነት ለመለየት የተጨማደደ ጋዜጣ በቱቦው አፍ ወተፍንበት። ጠዋት ጋዜጣው ከቱቦው ተገፍቶ ወለል ላይ ወድቆ ነበር። ከታች ወደ ላይ የሚገባ አለ ማለት ነው። ወጪ የሌለው ፈተና ነው፤ አሁን በየቤቱ የምጀምረው በእሱ ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ቱቦውን ዛሬውኑ እንድፈን የሚል ግፊት ነበር። እኔ ግን ጥቂት ቀን እንድንቆይ ጠየቅኩ። ውስጥ ያሉት ምን ያህል እንደሆኑ አናውቅም፤ መውጫ ያጣች አይጥ ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጭምር።

ስለዚህ መጀመሪያ ምግቡን አነሳን። ዱቄት፣ ሩዝና ጥራጥሬው ሁሉ ክዳናቸው በሚገጥም የብረትና የብርጭቆ ዕቃዎች ውስጥ ገባ። ፕላስቲክ ከረጢት ለአይጥ ጥርስ መሸፈኛ እንጂ መከላከያ አይሆንም። የድመቷ ሳህን ማታ ማታ ተነሳ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱም ክዳን ተገጠመለት።

ከዚያ 14 ባለ ስፕሪንግ ወጥመዶች ገዛን። ብዛቱ አባትየውን አስገርሞታል፤ ከዚያ በፊት የሞከረው አንድ ወጥመድ፣ ያውም ወለሉ መካከል ነበር። አይጥ በጢሟና በጎኗ ግድግዳ እየዳሰሰች እንጂ በሜዳ መሄድ አትወድም። ወጥመዶቹን አሻራ ባየንባቸው ቦታዎች ብቻ፣ ቁመታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረን፣ ማባበያው ያለበት ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ አድርገን አስቀመጥናቸው። ልጁና ድመቷ ወደ ወጥ ቤት እንዳይገቡ በሩ ማታም ቀንም ተዘጋ።

ማባበያው የኦቾሎኒ ቅቤ ነበር፤ የምስር ፍሬ በምታህል መጠን ብቻ። ሲበዛ ጠርዙን ልሳ ትሄዳለች።

ቤተሰቡን ትዕግሥት ያሳጣው የሚቀጥለው ነው። ለአራት ሌሊት ወጥመዶቹን ሳንጠምድ ማባበያውን ብቻ አቀረብን። ቡናማ አይጥ በመንገዷ ላይ አዲስ ዕቃ ስታይ ለቀናት ትሸሸዋለች፤ የተጠመደ ወጥመድ ነክታ ያመለጠች እንደሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ እሷን በወጥመድ መያዝ በጣም ይከብዳል። በመጀመሪያው ሌሊት ምንም አልተነካም። በሁለተኛው ከሁለቱ ላይ ተበላ። በአራተኛው ከ11 ወጥመዶች ላይ ማባበያው ተጠርጎ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሁሉንም ጠመድን፣ በዚያኑ ዕለት ቀን ላይም ቱቦውን ደፈንን።

አደፋፈኑ እንዲህ ነው። ሴራሚኩ ተነስቶ ቱቦው ከወለሉ በታች ተቆረጠ፤ ወደ ውስጥ የሽቦ ወንፊት ተጠቅጥቆ ገባ፣ በላዩም 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶና አሸዋ ሙሌት ተደረገበት። ሲሚንቶ ብቻውን ሳይደርቅ ሊቦረቦር ይችላል፤ ሽቦው ያኔ ነው የሚያስፈልገው። ቧንቧዎቹ ወደ ኮርኒስ የሚያልፉበትን ክፍተትም ድስት በሚፈተግበት የማይዝግ ሽቦ ሞልተን ለሰንንበት።

በመጀመሪያው ሌሊት ሦስት ተያዙ፣ በሁለተኛው ሁለት። ሦስተኛው ባዶ ነበር፣ በአራተኛው አንዲት ተያዘች። በአምስተኛው ሌሊት ጸጥ አለ። አባትየው ደውሎ አመሰገነኝ።

ያልጠበቅነው ጎርፍ

በስድስተኛው ሌሊት ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ተጣጣፊ የውኃ ቱቦ ተበስቶ ወጥ ቤቱ በውኃ ተሞላ። አንዲት አይጥ ቀርታ ነበር። ምግቡን አንስተናል፣ መውጫውን ዘግተናል፤ ስለ ውኃ ግን አንዳችንም አላሰብንም። ትንሿ የቤት አይጥ ከምግቧ ውስጥ በምታገኘው እርጥበት ብዙ ጊዜ ትቆያለች፤ ቡናማዋ ግን በየቀኑ መጠጣት አለባት። እስከዚያ ድረስ የምትጠጣው ከፍሳሹ ነበር። ፍሳሹን ስንደፍንባት ውኃ ያለበትን የቅርቡን ነገር በጥርሷ ፈለገችው።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መጠገኛውንም እኔ ቻልኩት። ሌሊት ሌሊት ዋናውን ቧንቧ ዘግተን፣ በጠፍጣፋ ክዳን ውኃ አድርገን ከግድግዳው ሥር አስቀመጥንና ግራና ቀኙን ወጥመድ አጠመድን። በማግስቱ ጠዋት ተይዛ ተገኘች። በድምሩ ሰባት ማለት ነው። ተጣጣፊው ቱቦም በብረት ሽቦ በተጠለፈ ተተካ።

ጽዳቱ

እናትየዋ መጥረጊያ ይዛ ልትጀምር ስትል አስቆምኳት። የደረቀ ኩስ ሲጠረግ አቧራው ይነሳል፤ በአይጥ ሽንትና ኩስ የሚተላለፉ እንደ ሃንታ ያሉ ቫይረሶች ሰው የሚይዙት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ሌፕቶስፓይራ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ በሽንቷ ውስጥ ይኖርና በተቆረጠ ቆዳ ይገባል። ክፍሉ ለግማሽ ሰዓት ተከፍቶ ከተናፈሰ በኋላ ጓንትና ማስክ አድርገን፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠን ኩሱን አረጠብነው። አምስት ደቂቃ ቆይተን በወረቀት ጠርገን አነሳን። የተያዙትም በድርብ ፌስታል ታስረው ተጣሉ።

ወደ ሌላ ቤት የሚወሰደው

ሌላ ቤት ሄጄ ብዙ ጊዜ የምጠቀምበት ትልቁ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ መለየት፣ መንገዱን ማግኘት፣ ምግብና ውኃ ማንሳት፣ ማላመድ፣ በአንድ ቀን ጠምዶ መድፈን። ይህ ቤተሰብ ያደረጋቸው አብዛኞቹ ነገሮች ብቻቸውን ሲታዩ ሞኝነት አልነበሩም፤ ከመካከል የተጀመሩ ነበሩ።

ስለ ሽንቁር መጠን ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል። ትልቅ አይጥ ለማለፍ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃታል፤ ለትንሿ የእርሳስ ውፍረት ብቻ፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃታል። እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ እንደ በር ይቆጠር። ፎም፣ ጣውላ፣ ፕላስቲክና ጎማ ብቻቸውን እንደ መድፈኛ አይቆጠሩም።

ቤቱ ታድሶ ከሆነ ደግሞ የድሮው መጸዳጃ፣ መታጠቢያና ፍሳሽ የት እንደነበረ መጠየቅ አለበት። የሚያውቀው ሰው ብዙውን ጊዜ ማንም የማይጠይቀው ሰው ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ ላንሳ። አባትየው በተስፋ መቁረጡ ወቅት ለእህል ጎተራ የሚሆን ጋዝ የሚያወጣ ክኒን እንዲጠቀም ተመክሮ ነበር። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። እርጥበት ሲነካው የሚያወጣው ፎስፊን ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። በተለያዩ አገሮች ቤት ውስጥ ተጠቅመውበት ከነልጆቻቸው የሞቱ ሰዎች አሉ። ሰው በሚያድርበት ቤት፣ በጎረቤት ግድግዳ ሥርም ቢሆን፣ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

ከዚያ ወዲህ

በአንደኛውና በሦስተኛው ወር ተመልሼ ዱቄት ነሰነስኩ፤ አሻራ አልነበረም። በሰባተኛው ወር ከጓሮ በር አጠገብ ትናንሽ ኩስ ታየ፤ ለካነው፣ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት ጣት ያስገባ ነበር፤ የብረት መከታ ተገጠመለት፣ ሁለት ትናንሽ አይጦች ተያዙ። ይህኛው ከተጀመረ እስከሚያልቅ አራት ቀን ፈጀ። ክፍተቱን ያገኘው አባትየው ራሱ ነው፤ እኔን የጠራኝ የብረት መከታውን እንድቆርጥለት ብቻ ነበር።

አሁን ከአንድ ዓመት በላይ ሆኗል። አያትየዋ በየወሩ መጀመሪያ ማታ ከእቃ ማጠቢያው ሥር የሕፃናት ዱቄት ይነሰንሳሉ፤ ጠዋት ባትሪውን አጋድሞ ማየት የትልቋ ልጅ ሥራ ነው።